ወርቄ ከዕዳ ስትወጣ

ረሆቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ ካሳነሽን የማያውቅ የእኛ ሰው ጥቂት ነው። ቁመቷ አጠር ያለ፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ዕድሜዋን ፈጅታለች፤ አንሶላውና የሐኪሞቹ ልብስ በጋሪ ይመጣላታል፣ ትለያለች፣ ታጥባለች፣ ትኩሱን ከማድረቂያው አውጥታ ታጥፋለች። ባሏ የሞተው ልጇ ቶሜር ገና ፊደል ሲቆጥር ነበር። ብቻዋን አሳደገችው፤ ወታደርነቱን ጨርሶ የኤሌክትሪክ ሥራ እስኪይዝ ድረስ ከማንም ደጅ ሳትቆም አደረሰችው። ሰው የሚያውቃት ግን በዚህ አይደለም፤ በእቁቧ ነው።

የካሳነሽ እቁብ የሃያ ሴቶች ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከሥራ መልስ፣ ቤቷ ተሰብስበው ሁለት ሁለት ሺህ ሸቅል ይጥላሉ። ዕጣ ይወጣል፤ የወጣላት አርባውን ሺህ ይዛ ትሄዳለች፣ የቀሩት ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዚያ ገንዘብ ልጅ የዳረች አለች፣ ጥርሷን ያስተከለች አለች፣ ጎንደር ድረስ ሄዳ የአባቷን መቃብር ያሳጠረች አለች። ባንክ ፊቱን ሲያዞርባቸው ፊቱን ያላዞረባቸው ይህ እቁብ ነው። ውል የለው፣ ፊርማ የለው። ዕጣ የወጣላት እስከ መጨረሻው ትከፍላለች፤ ያለ ተራዋ ቀድማ የምትወስድ ደግሞ ዋስ ትጠራለች። በዚያ ሁሉ ዓመት የአንዲት ሴት ገንዘብ ጎድሎ አያውቅም።

ወርቄ ከሃያዎቹ አንዷ ነበረች። ለካሳነሽ ግን ከዚያ በላይ ናት። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሁለቱም ገና ልጃገረዶች ሆነው አዲስ አበባ ላይ ወደዚህ አገር የሚያመጣቸውን አውሮፕላን ሲጠብቁ የካሳነሽ እናት በበሽታ ሞተች። የወርቄ እናት ዘመድ ሳትሆን፣ የሩቅ የሀገር ልጅ ብቻ ሆና ሳለ፣ ልጅቱን እጇን ይዛ ወደ ኪራይ ክፍሏ አስገባቻት። ሁለቱ ልጆች አንድ ፍራሽ ላይ፣ አንድ ጋቢ ለብሰው ከረሙ፤ በአንድ አውሮፕላን መጡ። ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳቸው በስም ተጠራርተው አያውቁም፤ «እታለም» ነው የሚባባሉት። የወርቄ እናት እዚህ ረሆቮት ስታርፍም ካሳነሽ ከወርቄ ጎን መሬት ላይ ሰባቱን ቀን ተቀምጣ እንደ ልጅ ሐዘን ተቀብላለች።

የወርቄ ባል ይግዛው ታታሪ ሰው ነው። ከባንክ ተበድሮ ሁለት የጭነት መኪና ገዛና ለአንድ ድርጅት ዕቃ ማመላለስ ጀመረ፤ ብድሩ ላይ ወርቄም ፈርማለች። በኮሮናው ጊዜ ድርጅቱ ሥራውን አቆመ። መኪኖቹ በርካሽ ተሸጡ፣ ብድሩ ግን ባለበት ቆመ። ባለበት እንኳ አልቆመም፤ ወለድ በወለድ ላይ፣ የጠበቃ ወጪ በወለዱ ላይ እየተጫነ ሄደ። ወርቄ በምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ደመወዟ ገና ከመግባቱ እየተቆረጠ የሚተርፋት ለኪራይ አይበቃም ነበር። የባንክ ሒሳባቸው ተዘጋ። የፍርድ አስፈጻሚ ሰዎች መጥተው ቴሌቪዥኑን ጭነው ሲወስዱ ጎረቤት ሁሉ አየ። በመጨረሻ ቤታቸውን ለቀው ሻዓራይም ሰፈር ውስጥ፣ ከየመን የመጡ አይሁዶች ድሮ የሠሩትን አንድ ዝቅ ያለ ቤት በርካሽ ተከራዩ።

ስለ አዲሱ ሕግ ወሬው የተሰማው በዚህ ሰሞን ነው። ሕጉ የወጣው ከዚያ ቀደም ብሎ ቢሆንም ወደ ሰፈር የሚደርስ ነገር ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ድሮ ባለዕዳ የሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሳደድ ይኖር ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን ሰውየውን መቅጣት ሳይሆን እንደገና ማቆም ነው ሐሳቡ ተባለ። ናኤማን የሚሉት፣ ጉዳዩን የሚይዝ የሕግ ባለአደራ ይሾማል፤ ባለዕዳው ለሦስት ዓመት ያህል የአቅሙን ይከፍላል፤ የቀረው ይሰረዝለታል። ስረዛውን ሄፍቴር ይሉታል። ካሳነሽ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ሻዓራይም ድረስ ሄዳ ለወርቄ ነገረቻት፤ ጠበቃ ብታማክሪ ምን አለበት አለቻት። ወርቄም እንደዚህ ያለው ነገር ለእነሱ እንደማይሆን፣ ይግዛውም ስሙ በከሳሪ መዝገብ እንዲገባ እሺ እንደማይል መለሰችላት። ካሳነሽ አልገፋፋቻትም።

የፋሲካው በዓል ፔሳሕ ካለፈ በኋላ የካሳነሽ ዕጣ ወጣ። ጊዜው ጥሩ ነበር። ቶሜርና እጮኛው ቤኤር ያዕቆብ ላይ መንግሥት በቅናሽ ከሚሸጣቸው ቤቶች አንዱን ለመግዛት ዕጣ ደርሷቸው ነበር፤ ውሉን እስኪፈርሙ አንድ ዓመት ያህል ቀርቷል፣ እስከዚያ የራሳቸውን መነሻ ገንዘብ ማሟላት አለባቸው። አርባው ሺህ ለዚያ ታስቦ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወርቄ መጣች። ባንኩ እንደታረቃቸው፣ በአንድ ጊዜ አርባ ሺህ ከሰጡት የቀረውን እንደሚተውላቸው ነገረቻት። ተራሽን ስጪኝ፣ የእኔ ዕጣ ሲወጣ አንቺ ትወስጃለሽ፤ የቶሜርም ቤት አይጎዳም አለች። ከዚያም፣ «እታለም፣ ዋስ ሁኝኝ፤ ካንቺ በቀር ማን አለኝ?» አለቻት።

ካሳነሽ ላስብበት አላለችም። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ዋሷ እኔ ነኝ ስትል፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ዋጋዬ ሰብሳቢ ዋስ ሲሆን አይተው እንደማያውቁ በለዘብታ ተናገሩ። ካሳነሽ እኅቴ ናት ብላ ነገሩን ዘጋችው። ገንዘቡን በእጇ ለወርቄ ሰጠቻት።

ወርቄ ሁለት ወር ከፈለች። በሦስተኛው አልመጣችም፣ ስልክም አላነሣች። ካሳነሽ የእሷንም ጨምራ ጣለችና ሻዓራይም ወረደች። ወርቄ በሩ ላይ ቆማ ነው ያነጋገረቻት። ወደ ሕጉ ገብተናል አለቻት፤ ናኤማን ተሾሞብናል፤ ከዚህ በፊት ላለብን ለማንኛውም ዕዳ አንዲት ሳንቲም እንዳንከፍል ተነግሮናል፤ ለአንዱ ከፍለን ሌላውን ብንተው ሕግ አፍራሽ እንባላለን፣ ምሕረቱም ይቀራል። ብፈልግም አልችልም አለች።

ካሳነሽ በመንገዷ ላይ ለወርቄ ምክንያት ስታበጅላት ተመለሰች። ባንኩ ቃሉን አፍርሶባት ይሆናል፤ ጨንቋት ይሆናል፤ ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። በዚያን ቀን ያዘነችው ለራሷ ሳይሆን ለወርቄ ነበር። ዋስ ናትና ከዚያ ወዲያ በየወሩ የሁለት ሰው ከፈለች። ደመወዟ ስላልበቃ ከባቡር ጣቢያው ባሻገር ባሉት የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች የማታ ጽዳት ያዘች። እሱም ሲያጥር ከመሥሪያ ቤቷ ሠራተኞች ማኅበር ተበደረች። ለሴቶቹ ግን ምንም አልጎደለባቸውም።

ሽማግሌም ልካ ነበር። አባ አበባው ሁለት ሰው አስከትለው ሄዱ። ይግዛው በአክብሮት ተቀብሎ፣ ዕዳውን ሳይክድ፣ መንግሥት እጃችንን አስሮታል አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እስኪፈታ ታገሽ አሏት። እሺ አለች።

ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው በመከር ነው። ካሳነሽ ወደ ማታ ሥራዋ ስትሄድ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ከሊራዝ ጋር ተገናኙ። ሊራዝ የወርቄ አንድያ ልጅ ናት፤ ቴል አቪቭ እየተመላለሰች ትማራለች። ካሳነሽን ሳመቻት፣ የማታ ሥራ መጀመሯንም ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ። ልታጽናናት ብላ እንደ እኩዮቿ አማርኛውን ከዕብራይስጡ እያደባለቀች፣ «አይዘኑ ዶዳ» አለቻት፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «እማ እኮ ከፔሳሕ በፊት ጀምራ ነው ኦረኽ ዲኑ ጋ የምትመላለሰው። አሁን ሁሉም ቤሰደር እየሆነ ነው።»

ኦረኽ ዲን ጠበቃ ነው፤ ቤሰደር ደግሞ ደህና ማለት ነው። ካሳነሽ ከፔሳሕ በፊት መሆኑን እርግጠኛ እንደሆነች ጠየቀቻት። ሊራዝም ወረቀቶቹን የምታነብላት እሷ ስለሆነች አብራት ትሄድ እንደነበር፣ ቀኑንም እንደምታስታውስ ነገረቻት። ልጅቱ የምታወራው ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። ካሳነሽም እንዲገባት አላደረገችም፤ ትምህርቷን ጠይቃት፣ መርቃት ተለያዩ።

ሥራዋ ቦታ ደርሳ ባልዲውን ውኃ ስትሞላ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ባንኩ ታረቀን የተባለው ውሸት ነበር። ሕጉ ለእኛ አይሆንም ያለችው ወርቄ ተራዋን ስትጠይቃት ጠበቃ ይዛ ነበር። ካንቺ በቀር ማን አለኝ ስትል፣ ክፍያውን እንደምታቆምና ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር። አውቃ ነው የጠየቀቻት። ካሳነሽ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን ዘጋች። የዚያን ዕለት ሥራዋን ጨርሳ ነው የወጣችው፤ ምን እንዳጸዳች ግን አታስታውስም።

ለቶሜር የነገረችው ገንዘቡን እንጂ ከሊራዝ የሰማችውን አይደለም። ቶሜር ተናደደ። ጠያይቆ ያላቸው መንገድ አንድ እንደሆነ ደረሰበት፤ ገንዘብ አለኝ የሚል ሰው ጥያቄውን ለናኤማኑ ማቅረብ ይችላል፣ ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። እቁብ ወረቀት የለውምና ማስረጃው ሴቶቹ ናቸው። ካሳነሽ ቤት ለቤት ዞረች። አንዷ ልጠይቅ ባሌን አለች፣ አንዷ ስልኳን ዘጋች። ከእነሱ ብዙዎቹ ከቢቱአሕ ለኡሚ፣ ከብሔራዊ መድኑ፣ የኑሮ ድጎማ ይቀበላሉ፤ አርባ ሺህ ሸቅል በእጃቸው እንደገባ ከታወቀ ድጎማው ይቆማል ብለው ፈሩ። እውነቱን ፊት ለፊት የነገሯት እትዬ ዋጋዬ ብቻ ነበሩ። «እኔ ስሜን ከሰጠሁ እንጀራዬ ይቋረጣል፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። የእነዚህ ሴቶች ገንዘብ እንዳይጎድል ነበር እሷ ማታ ማታ የሰው ወለል የምትወለውለው።

ያም ሆኖ ጥያቄውን አቀረበች፣ በቀጠሮውም ቀን ከቶሜር ጋር ሄደች። ናኤማኗ ሻሓር የምትባል ወጣት ጠበቃ ነበረች፤ መልካም ሰው ናት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ወርቄ ከጠበቃዋ ጋር ቀድማ ደርሳለች። ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ሸፍና፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ነበር።

ካሳነሽ ስለ እቁቡ፣ ስለ ዋስትናው፣ በእሷ ፈንታ ስለከፈለችው ሁሉ በዕብራይስጥ አስረዳች። ሻሓር ስትጽፍ ቆይታ ወደ ወርቄ ዞረች፤ ይህችን ሴት በምን እንደምታውቃት፣ ከእሷም ገንዘብ ተበድራ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ወርቄ፣ «ሽኼና» አለች። ጎረቤቴ ናት ማለት ነው። «ችግር ላይ ስንሆን ረድታናለች። ስጦታ ነው፤ ስለ ብድር የተነጋገርነው የለም።»

ካሳነሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር እሰማለሁ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። አልችልም ትላለች፣ ቆይቼ እከፍላለሁ ትላለች፣ ታለቅስ ይሆናል ብላለች። ይህችን ቃል ግን አልጠበቀችም። አንዷ ሻዓራይም አንዷ ቂርያት ሞሼ፣ ጎረቤት እንኳ አልነበሩም። ሻሓር ምን እንደጠየቀቻት ቶሜር ነው የደገመላት።

ሻሓር የጠየቀችው ይህን ነበር፤ ወርቄ ገንዘቡን በወሰደችበት ጊዜ ወደ ሕጉ ለመግባት መወሰኗን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? እንዲያ ከሆነ ነገሩ ማታለል ነው፤ የአንቺ ገንዘብ አይሰረዝም፣ የእነሱም ምሕረት ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል አለች። ወርቄ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ካሳነሽን አየቻት።

የሚያውቅ ሰው አለ። ሊራዝን ገና በተወለደች በሳምንቷ ካሳነሽ አቅፋታለች።

«የለም» አለች።

ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ቶሜር ፊቷን አንብቦ የሆነ ነገር እንደደበቀች ገባው፣ ጠየቃትም። ልጅን በእናቷ ላይ ምስክር አላቆምም አለችው። እሱም አላስጨነቃትም፤ ግን ለብዙ ቀን አኩርፏት ከረመ።

ጥያቄዋ ማስረጃ የለውም ተብሎ ውድቅ ሆነ። እቁቡ ዙሩን ጨረሰ፤ ሁሉም ሴት የድርሻዋን ወሰደች። የወርቄ ዕጣ ወጥቶ ለካሳነሽ ሲደርስ ግን ግማሹ ለማኅበሩ ብድር ሄደ፤ የቀረውም በመጨረሻዎቹ ወራት የሁለት ሰው ክፍያ አለቀ። የቶሜር መነሻ ገንዘብ አልሞላም፣ የቤቱም ውል ሳይፈረም ጊዜው አለፈ። ሠርጉን አንድ ዓመት አራዘሙት፤ በኋላም ወደ ደቡብ፣ ኪራይ ወደሚረክስበት ከተማ ሄዱ። አሁን ልጇን የምታየው በሰንበት ነው፤ እሱንም በየሁለት ሰንበቱ።

እቁቡን ዘጋችው። ሴቶቹ ሌላ ሰብሳቢ ፈልገው ሞከሩ፤ ማን ለማን ዋስ ይሁን በሚለው ላይ ሲደርሱ ደፍራ እኔ የምትል ጠፋች፤ ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው በባንክ ካርድ ነው የሚበደሩት። እትዬ ዋጋዬ የጥርሳቸውን በወለድ እስከ ዛሬ ይከፍላሉ።

የወርቄ ቤት ደግሞ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ደመወዟ መቆረጡ ቀረ፤ ለናኤማኗ በየወሩ የተወሰነላትን ጥቂት ገንዘብ ትሰጣለች፣ በቀረው ይኖራሉ። ይግዛው የአውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ። ሊራዝ ትምህርቷን ጨረሰች። እውነት ለመናገር ሕጉ የተባለውን ሠርቷል፤ አንድ የወደቀ ቤተሰብ አንሥቷል። ካሳነሽም ሕጉን ስትረግም የሰማት ሰው የለም። ወርቄን ግን መንገድ ላይ ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር።

ባለፈው ክረምት ሄፍቴሩ፣ የዕዳ ስረዛው፣ ወጣ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ዓርብ ከሰዓት በፊት፣ ወርቄ የካሳነሽን በር አንኳኳች። ካሳነሽ ከፈተች፣ አስገባቻት፣ ውኃ ሰጠቻት። ወርቄ ከቦርሳዋ ገንዘብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሕጉ እንደለቀቃት፣ አሁን የሚከለክላት እንደሌለ፣ በየወሩ እያመጣች እንደምትጨርስላት ተናገረች።

ካሳነሽ ገንዘቡን አነሣች። አርባው ሺህ ግን የት እንደሄደ፣ ባንኩ ካልታረቀ ለማን እንደተሰጠ ጠየቀቻት።

ወርቄ ያን ጊዜ ነገረቻት። ይግዛውን ከባንኩ ሌላ በጎን ያበደረው ሰው ነበር፤ ያለ ወረቀት፣ በከባድ ወለድ። ሰውየው አንድ ቀን መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ጠብቋት ሊራዝ በየትኛው ባቡር እንደምትሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ በትሕትና ነገራት። «ባንኩን ሕጉ ያቆመዋል» አለች። «እሱን ሰውዬ ማን ያቆምልኛል?» የእቁቡ ገንዘብ የት እንደገባ ናኤማኗ ካወቀችም ምሕረቱ ሁሉ ይቀራል ብላ ስለፈራች ነበር በዚያ ቀን ጎረቤቴ ናት፣ ስጦታ ነው ያለችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ካሳነሽ።

«ብነግርሽ ዋስ አትሆኝኝም ብዬ ፈራሁ።»

«እሆንሽ እንደሁ፣ አልሆንሽ እንደሁ፣ እኔም አላውቀውም» አለች ካሳነሽ። «እንዳውቀው አላደረግሽኝም።»

ወርቄ አለቀሰች፤ እታለም አለቻት። ካሳነሽ አቤት አላለችም። ተነሥታ ብርጭቆውን አነሣች፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዳትደክሚ በባንክ ላኪው፣ ቁጥሩን ቶሜር ይሰጥሻል ብላ እስከ በሩ ሸኘቻት።

ገንዘቡ በየወሩ ይገባል፤ ወርቄ አንድም ወር አላሳለፈችም። በዚህ በጋ ሊራዝ ተዳረች። ካሳነሽ ለልጅቱ ስትል ሄደች። ወርቄ ፊት ለፊት፣ ከራሷና ከይግዛው ጎን፣ የአክስት ወንበር አስቀምጣላት ነበር። ካሳነሽ ሙሽራዋን ስማ፣ መርቃ፣ ስጦታዋን ሰጥታ፣ ወደ ኋላ ሄዳ ከእነ እትዬ ዋጋዬ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ወንበሩ ጥቂት ባዶውን ቆየና የይግዛው እኅት ተቀመጠችበት።